መዝገቡ ላይ ያልሰፈረችው «ግን»

የልጁ እናት ወደ ቢሮዬ የመጡት ቅጣቱ በተነገረ በዘጠነኛው ቀን ነበር። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ወረቀት ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ካኖሩ በኋላ፣ ይቀመጡ ብላቸው እንኳ ሳይቀመጡ፣ «የኔ ልጅ፣ ይግባኝ በልልኝ» አሉኝ። ወረቀቱን ሳልገልጠው ምን እንደሚል አውቅ ነበር፤ ልጃቸው ችሎት ፊት ቆሞ «ጥፋተኛ ነኝ» ሲል ከጎኑ የቆምኩት ተከላካይ ጠበቃ እኔ ነበርኩና። ከዚያም በፊት፣ ከችሎቱ በር ውጪ ባለው ኮሪደር፣ እጁ በካቴና እንደታሰረ «ካመንክ ቅጣቱ ይቀልልሃል» ብዬ የመከርኩት እኔው ነኝ።

ለእኚህ እናት መንገር የነበረብኝ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ልጅዎ ጥፋቱን አምኖ ስለተፈረደበት በጥፋተኝነቱ ላይ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ ሊከራከር የሚችለው ስለ ቅጣቱ ብቻ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ፊት ለፊቴ ለቆሙ እናት ለመንገር ግን የዚያን ዕለት አፌ አልታዘዝ ስላለኝ፣ «እስቲ መዝገቡን በደንብ ልየው» ብዬ ሸኘኋቸው።

ልጁ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሲሆን በአንድ ጋራዥ ውስጥ ረዳት መካኒክ ነበር። አንድ ምሽት መኪናውን ሊወስድ የመጣ ሹፌር «ዕቃ ተሰርቆብኛል» በሚል ጠብ አንሥቶ አንገቱን ሲያንቀው፣ እጁ የደረሰበትን የክሪክ ብረት አንሥቶ ይመታዋል፤ የሹፌሩ ክንድ ይሰበራል። ዐቃቤ ሕግ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ሥር፣ ሆን ብሎ ከባድ የአካል ጉዳት አድርሷል ሲል ከሰሰው። ዋስትና ተፈቅዶለት ነበር፤ ለማስያዣ የሚሆነው ገንዘብ ግን ከቤተሰቡ ሊገኝ ስላልቻለ ክሱ እስኪነበብለት ሁለት ወር ያህል ታስሮ ቆየ። እኔ መዝገቡ የደረሰኝ በዚያው ዕለት ጠዋት ነው፤ ከእሱ ሌላ የስድስት ሰው መዝገብ ታቅፌ ነበር። ይህን የምጽፈው ሰበብ ይሆነኛል ብዬ ሳይሆን፣ በአንድ ጠዋት ለአንድ ተከሳሽ ስንት ደቂቃ እንደሚደርሰው አንባቢ እንዲገምት ነው።

ችሎት ላይ የሆነውን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ዳኛው ክሱን አንብበው ገብቶት እንደሆነ ጠየቁት፤ ገብቶኛል አለ። ድርጊቱን ፈጽሞ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «አዎ፣ መትቼዋለሁ፤ ግን እሱ መጀመሪያ አንገቴን…» ብሎ ጀመረ። «መታኸው ወይስ አልመታኸውም?» አሉት። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁለት። «መትቼዋለሁ» አለ። «ጥፋተኛ ነህ?» «ጥፋተኛ ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት።» ሁሉም ነገር ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ተከሳሹ ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ጥፋተኛም ነኝ በማለት የእምነት ቃሉን ሰጥቷል» የሚል አንድ መስመር ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የወጣውም ያልወጣውም በዚያች መስመር ተዘጋ።

ይህ ምላሽ በፍርድ ቤቶቻችን «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። ስሙን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ እምነትም ክህደትም ለአበሻ ጆሮ ከባድ ቃላት ናቸው፤ ሲሰሟቸውም በመካከላቸው ሌላ ማረፊያ ያለ አይመስልም፤ ወይ ታምናለህ፣ ወይ ትክዳለህ። መካድ ደግሞ ነውር ነው። ተከሳሹ «መታሁት ግን ጥፋተኛ አይደለሁም» ቢል ዐይን ያወጣ ውሸታም የሚሆን ይመስለዋል፤ ስለዚህ ያምናል። ሕጉ ግን ከስሙ ይልቅ ለዘብ ያለ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 133 እንደሚለው፣ ተከሳሹ ዝም ካለ፣ ከካደ፣ ወይም ክሱን ያመነው በሆነ ሁኔታ ገድቦ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ አይደለሁም እንዳለ አድርጎ ይመዘግብለታል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 134 ደግሞ የእምነት ቃል የሚባለው ተከሳሹ በክሱ የተመለከተውን የወንጀሉን ፍሬ ነገር በሙሉ፣ ያለ አንዳች ገደብ፣ ሲያምን ብቻ እንደሆነ ይናገራል።

«በሙሉ» እና «ያለ ገደብ» የሚሉት ሁለቱ ቃላት ናቸው ቁምነገሩ ያለባቸው። መምታት ድርጊት ነው፤ ወንጀል የሚሆነው ግን ድርጊቱ፣ ሐሳቡና የሕግ መተላለፉ ሲገናኙ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስን ለመከላከል የተደረገ ተመጣጣኝ ድርጊት እንደማያስቀጣ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 79 ደግሞ መከላከሉ ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀል፣ መጠን ያለፈው በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ከሆነም ጭራሽ እስካለመቅጣት ሊደርስ እንደሚችል ይገልጻል። «መትቼዋለሁ፤ ግን እሱ መጀመሪያ አንገቴን…» ያለ ሰው ድርጊቱን አምኖ ጥፋቱን ክዷል። «ግን» ማለት በዕለት ተዕለት አማርኛ ገደብ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የገደብ ቃል በቋንቋችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ልጁ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገሩን እንኳ ሳይጨርስ በሕጉ ዐይን ክዶ ነበር፤ ያመነው ከዚያ በኋላ፣ በሁለተኛው ጥያቄና በእኔ ራስ መነቅነቅ ነው።

ለምን እንደነቀነቅሁ ልናገር። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82(1)(ሠ) ጥፋትን ማመንና መጸጸት አጠቃላይ የቅጣት ማቅለያ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የቅጣት አወሳሰን መመሪያም ማቅለያ በተገኘ ቁጥር የቅጣት እርከኑ ዝቅ እንዲል ያደርጋል። እኛ ጠበቆች ይህን ሒሳብ በቃላችን እናውቀዋለን። ማመን እርከን ይቀንሳል፣ ሪከርድ አለመኖሩ እርከን ይቀንሳል፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪነት ይታከልበታል፣ ተደምሮ ተቀንሶ ልጁ በቅርቡ ይወጣል። ክዶ ቢከራከር የዐቃቤ ሕግ ምስክር እስኪቀርብ አንድ ቀጠሮ፣ ምስክሩ ሳይመጣ ሲቀር ሌላ ቀጠሮ፣ ከዚያ ብይን፣ ከዚያ መከላከያ ምስክር፤ ዋስትናውን መክፈል ላልቻለ ሰው ይህ ሁሉ በእስር የሚቆጠር ጊዜ ነው። የዋስ ገንዘብ የሌለው ተከሳሽ እውነቱን የሚመዝነው ከቀጠሮው ርዝመት ጋር ነው። እጅ ከፍንጅ የተያዙ ሰዎች በሚቀርቡበት፣ ሁላችንም አርቲዲ በምንለው ችሎት የሠራ ሰው ደግሞ የማመንን ፍጥነት ያውቀዋል፤ ጠዋት የተከሰሰ ሰው ከሰዓት በኋላ ፍርደኛ ሆኖ ይወጣል።

እንደተመኘሁት ግን አልሆነም። ልጁ 2 ዓመት ከ6 ወር ቀላል እስራት ተፈረደበት።

እናቱን ከሸኘሁ በኋላ መዝገቡን ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የቅጣት ማቅለያ አስተያየት ብዬ በራሴ እጅ ጽፌ ያስገባሁት ወረቀት በሁለተኛው አንቀጹ «የግል ተበዳዩ ጠብ አንሥቶ የተከሳሹን አንገት በማነቁ ምክንያት ተከሳሹ በድንጋጤ…» ይላል። ቅጣት አቀልላለሁ ብዬ የጻፍኩት ነገር ራሱ የልጁ መከላከያ ነበር። ከዚህም በላይ፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 135 በክርክሩ ሂደት የእምነት ቃሉ በክህደት መመዝገብ እንደነበረበት ፍርድ ቤቱ ከተረዳ ቃሉን እንዲለውጠው፣ የተሰጠ የጥፋተኝነት ውሳኔ ካለም እንዲሰርዘው ይፈቅድለታል። ያ ወረቀት ከችሎቱ ፊት በቀረበ ጊዜ ያ በር ገና ክፍት ነበር። እኔ በሩን እንዳንኳኳበት በተሰጠኝ እጅ የማቅለያ ልመና ጻፍኩበት። ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም አነበቡት፤ ማንም ግን ይህ ሰው እኮ አላመነም አላለም። ሁላችንም ወረቀቱን በርዕሱ አነበብነው።

አሁን ወደ ተዘጋው በር ልመለስ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 185 የተፈረደበት ሰው በጥፋተኝነቱና በቅጣቱ ላይ ይግባኝ ማለት እንደሚችል ከተናገረ በኋላ፣ በእምነት ቃሉ መሠረት የተፈረደበትን ሰው ለይቶ ያወጣዋል፤ እርሱ ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ልክ ወይም በቅጣቱ ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው። ይህ አገላለጽ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1898 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንድ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 412 ያንኑ ነገር፣ ልክና ሕጋዊነት የሚሉትን ቃላት ሳይቀር፣ ይዞ እናገኘዋለን። የቀድሞውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን ሲሆኑ፣ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ግን በመጨረሻ የተዘጋጀው በእንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው እጅ ነው። ለእንግሊዝ የሕግ ሥርዓት የተከሳሹ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለት ክርክሩን የሚዘጋ መሣሪያ ነው። በአውሮጳ አህጉር ያሉት ሥርዓቶች በልማዳቸው ያመነውን ተከሳሽ ቃል ከማስረጃዎች እንደ አንዱ ይቆጥሩታል እንጂ ክርክሩን አይዘጉበትም። እኛ አንዱን ሕግ ከአንዱ ወገን፣ ሌላውን ከሌላው ወገን አምጥተን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናቸዋል።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(6) ማንኛውም የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በሚታይበት ፍርድ ቤት በተሰጠበት ትእዛዝ ወይም ፍርድ ላይ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ሲደነግግ ያመነና የካደ ብሎ አይለይም። አንቀጽ 185 ከዚህ ጋር እንዴት ይታረቃል የሚለውን ጥያቄ ብዙ የሕግ ባለሙያዎች ያነሡታል። እኔ ለራሴ የምይዘው ሐሳብ የጠበበ ነው፤ አንቀጽ 185 ይግባኝ የሚከለክለው «የእምነት ቃል» ለሰጠ ሰው ነው፤ የእምነት ቃል ምን እንደሆነ ደግሞ አንቀጽ 134 ተናግሯል፤ እንግዲያው ያለ ገደብ ያልታመነ ነገር የእምነት ቃል አይደለምና በሩ በመጀመሪያውኑ አልተዘጋበትም። ክርክሩ መሆን ያለበት ሰውየው አምኗል ወይስ አላመነም በሚለው ላይ ነው።

ስለ ሽምግልና ሳላነሣ ካለፍኩ ልጁ ለምን እንዳመነ ግማሹን ብቻ መናገሬ ይሆናል። በሀገራችን የተጣላ ሰው ሽማግሌ ፊት ሲቀመጥ በመጀመሪያ «አጥፍቻለሁ» ይላል። ይህ ቃል አክብሮት ነው፤ ሽማግሌዎቹን ማክበር፣ የተጎዳውን ወገን ልብ ማብረድ፣ ለእርቅ መንገድ መክፈት ነው። «አጥፍቻለሁ» ካለ በኋላ ነው የነገሩ ዝርዝር የሚጀመረው፤ ማን ቀድሞ ሰደበ፣ ማን ቀድሞ እጁን ሰነዘረ፣ ማን ምን ያህል ይካስ የሚለው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹም መጨረሻ ላይ ጥፋቱን ለሁለቱም ያካፍሉታል። ችሎት ላይ ግን «ጥፋተኛ ነኝ» የነገሩ መደምደሚያ ነው። ይህ ወጣት ቃሉን የተማረው ከአባቱ ቤት ነው፤ በችሎት ሲናገረው ዝርዝሩ ገና የሚመጣ መስሎት ነበር። በኋላ ማረሚያ ቤት ሄጄ ስጠይቀው የነገረኝም ይህንኑ ነው፦ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ካከበርኳቸው በኋላ ይሰሙኛል ብዬ ነበር።»

በነገራችን ላይ፣ ፖሊስ ጣቢያ ማመንና ችሎት ላይ ማመን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ለፖሊስ የተሰጠ ቃልም ሆነ በአንቀጽ 35 በምርመራ ወቅት ለፍርድ ቤት የተሰጠ ቃል ማስረጃ ነው፤ ሊስተባበልም ይችላል፤ በይግባኝ መብቱ ላይ መቆለፊያ አይሆንም። የሚቆልፈው ክሱ ከተነበበ በኋላ የሚሰጠው ምላሽ ብቻ ነው። በጣቢያ ያመነ ሰው «አንዴ አምኛለሁ፣ ምን ዋጋ አለው» ብሎ በችሎትም ሲያምን አይቻለሁ፤ ያቺ «ምን ዋጋ አለው» የይግባኙን ያህል ዋጋ እንዳላት የሚነግረው ሰው አልነበረም።

እናትየዋ በማግስቱ ሲመጡ እውነቱን ነገርኳቸው፤ የእኔንም ጥፋት ጨምሬ። ይግባኙን ሌላ ጠበቃ ቢይዘው የተሻለ እንደሆነ ሳስረዳቸው ቅር አላቸውና «አንተ አይደለህ እንዴ ያየኸው?» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ያየ ሰው ግን መሆን ያለበት ምስክር ነው፤ ተከራካሪ አይደለም። የይግባኝ ማሳወቂያው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር መቅረብ ስላለበት ማሳወቂያውን በዚያው ዕለት አስገባን፤ የይግባኝ ማመልከቻው የውሳኔው ግልባጭ ከደረሰ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ይገባልና ጊዜ ነበረን። መዝገቡን ለአንድ ባልደረባዬ አስረከብኩ።

ባልደረባዬ መጀመሪያ የጠየቀው «የድምፁን ቅጂ ሰምተኸዋል?» የሚል ነበር። አልሰማሁትም ነበር፤ መኖሩንም ረስቼ ነበር። ፈቃድ አስወጥተን፣ ፋይል በተደረደረባት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ ጆሮው የተሰበረ ማዳመጫ በየተራ እያደረግን ሰማነው። ከበስተጀርባ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፤ ሰው ያስላል፤ የሌላ ተከሳሽ ስም ኮሪደር ላይ ሲጠራ ይሰማል። ከዚያ ልጁ፦ «አዎ፣ መትቼዋለሁ፤ ግን እሱ መጀመሪያ አንገቴን…»። «ግን» ከሁሉም ቃላት ይልቅ ጎልታ ትሰማለች፤ ድምፁን ከፍ ያደረገው እሷ ላይ ነበር። ከዚያ የዳኛው ጥያቄ፣ ከዚያ ዝምታ። የዝምታውን ርዝመት ባልደረባዬ በሰዓቱ ለካው፤ አራት ሰከንድ ነው። ልጁ ዞሮ እኔን ያየበት፣ እኔም ራሴን የነቀነቅሁበት አራት ሰከንድ። ራስ መነቅነቅ በድምፅ አይቀዳም።

ይግባኝ ሰሚው ችሎት መዝገቡን መርምሮ «ያስቀርባል»፣ ማለትም ዐቃቤ ሕግ ቀርቦ ይከራከርበት፣ ሲል ደስ ብሎን ነበር። በክርክሩ ቀን ባልደረባዬ ቆሞ ሲያስረዳ እኔ ከኋላ ወንበር ከልጁ እናት ጋር ተቀምጬ ነበር። አንቀጽ 133ንና 134ን፣ ከዚያም የማቅለያ ወረቀቴን አነሣ፤ የድምፅ ቅጂው እንዲሰማለትም ጠየቀ። ከዳኞቹ አንዷ በጥሞና ከሰሙ በኋላ «ጠበቃው አብሮት አልነበረም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። «ነበር» አለ። «ታዲያ ጠበቃ ባለበት የተሰጠ ቃል አይደለም?» ያን ጊዜ የገባኝን ነገር እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(5) ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው፣ ጠበቃ ባይኖረው ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ የሚያደርገው ለእሱ ጥበቃ ነው፤ በዚያ ችሎት ግን የእኔ አጠገቡ መቆም ለመዝገቡ ትክክለኛነት ማረጋገጫ ሆኖ ተቆጠረበት። ብቻውን ቢቆም ኖሮ ምናልባት ይሻለው ነበር።

ውሳኔው ከሁለት ቀጠሮ በኋላ መጣ። ችሎቱ የጥፋተኝነቱን ውሳኔ አልነካውም፤ ተከሳሹ በጠበቃ ታግዞ በግልጽ አምኗልና በአንቀጽ 185 መሠረት ሊከራከር አይችልም አለ። ቅጣቱን በተመለከተ ግን ከተበዳዩ ወገን የመጣ ከባድ ማነሣሣት እንደነበረ ከመዝገቡ ተረድቻለሁ ብሎ፣ በአንቀጽ 82 ተጨማሪ ማቅለያ ይዞ፣ እስራቱን ወደ 1 ዓመት ከ3 ወር ዝቅ አደረገው። ልጁ በዚያን ጊዜ 1 ዓመት ከ1 ወር ታስሮ ነበር። እናቱ እልል አሉ። እኔ ውሳኔውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድ ፍርድ ቤት ተበዳዩ አንገቱን እንዳነቀው ተቀብሎ፣ የታነቀው ሰው ግን ያለ ገደብ አምኗል ሲል፣ ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚቀመጡ ገርሞኝ። የሰበር አቤቱታ እናቅርብ ብንለው ልጁ እምቢ አለ። ደክሞት ነበር፤ የቀረውም ሁለት ወር ነው።

ከዚህ ጉዳይ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ ሌሊት የደወለልኝ። ከሱቅ ዕቃ ሳይከፍል ወጥቷል ተብሎ ተከሶ፣ «እስር የለውም» ሲሉት አምኗል፤ 12 ወር ተፈርዶበት ሙሉ በሙሉ ታግዶለታል። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ሌላ ሐበሻ ስለ ግሪን ካርዱ ጠይቆት ደነገጠ። በዚያ ሀገር የኢሚግሬሽን ሕግ በስርቆት የተፈረደ የአንድ ዓመት እስራት፣ ቢታገድም እንኳ፣ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ለመባረር ሊያበቃው እንደሚችል የነገረው አልነበረም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. ፓዲያ በተባለው መዝገብ፣ ማመን መባረርን ሊያስከትል እንደሚችል ለውጭ ዜጋ ደንበኛው ያልነገረ ጠበቃ ግዴታውን እንዳልተወጣ ወስኗል፤ ነገር ግን ያንን አረጋግጦ ፍርድን ማስነሣት ረጅም መንገድ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ግን የገረመኝ በሌላ ነገር ነው። በዝቅተኛው ፍርድ ቤት በቀላል ወንጀል የተፈረደበት ሰው፣ ያመነም ቢሆን፣ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ ጉዳዩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይታያል። ሕጉ ያመነውን ሰው በግልጽ ጠቅሶ ነው የሚፈቅድለት። የአክስቴ ልጅ የደወለልኝ በአራተኛው ቀን ነበር፤ በማግስቱ የአካባቢውን ጠበቃ አገኘ፤ ይግባኙ በስምንተኛው ቀን ገባ። የእንግሊዝ ሥርዓት ልጆች ከሆኑት ሁለት ሕጎች አንዱ ያመነውን ሰው «ሀሳብህን ከቀየርክ ተመለስ» ሲለው፣ ሌላው በሩን ሲዘጋበት ማየት፣ በተለይ በሁለቱም በኩል ዘመድ ላለው ሰው፣ እንግዳ ነገር ነው።

በእኛም በኩል የጥፋተኝነት ድርድር የሚባለው አሠራር በ2003 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ድርድር ሲመጣ የሚያምነው ሰው ቁጥር ይጨምራል ብዬ አስባለሁ፤ ያን ጊዜ «አመነ» የሚለው ቃል በምን ጥያቄ፣ በማን ፊት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተገኘ የሚመዘግብ ሰው ካልኖረ የኔ ደንበኛ ታሪክ በብዙ እጥፍ ይደገማል። ስለ ቋንቋ ካነሣሁ አይቀር፣ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(7) ቢኖርም፣ ገበያ ላይ አማርኛ ተናግሮ የሚገባባ ሰው «አስተርጓሚ አያስፈልገኝም» ሲል እንደ ኩራት እንጂ እንደ አደጋ የሚያየው የለም። «ሆን ብሎ» እና «በቸልተኝነት» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት የገበያ አማርኛ አያስተምርም።

እኔ አሁን የማደርገው ትንሽ ነገር ነው። ክስ የሚነበብለት ደንበኛ ሲኖረኝ ኮሪደር ላይ የሚሰጠውን ምላሽ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በራሱ አነጋገር፣ እጽፈዋለሁ። ችሎት ላይ ዳኛው «መታኸው ወይስ አልመታኸውም?» ካሉ ተነሥቼ «ደንበኛዬ ቃሉን በገደብ ነው የሚሰጠው፣ ሙሉ ቃሉ ይመዝገብልን» እላለሁ። አንዳንድ ዳኞች ደስ አይላቸውም። አንድ ጊዜ «ጠበቃ፣ ጊዜ አትፍጅ» ተብያለሁ። የተመዘገበው ቃል እንዲነበብልኝም እጠይቃለሁ፤ ሦስት ደቂቃው ሰባት ደቂቃ ይሆናል። ይግባኝ ቢያስፈልግ ባልደረቦቼ የሚያገኙት መዝገብ «ግን» ያለበት መዝገብ ነው።

ልጁ ከወጣ በኋላ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዱባይ የሹፌርነት ሥራ የሚያስገኝለት ሰው ተገኝቶ የአሻራ ወረቀት ሲጠየቅ ያ ፍርድ ከመዝገቡ ብቅ አለ። ቅጣቱ ከተፈጸመ በኋላ ሕጉ የወሰነው ጊዜ ያለፈው ሰው «መሰየም» በሚባለው ሥርዓት ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላልና፣ ማመልከቻውን ጽፌለት አብረን ሬጅስትራር ዘንድ ሄድን። ወፍሯል፤ ጢም አብቅሏል፤ ጥፍሮቹ ሥር ግሪስ አለ። ጸሐፊዋ ቅጹን እየሞላች የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተፈረደበትን አንቀጽና የእስራቱን ዘመን ጠየቀችው፤ አንድ በአንድ መለሰላት። ከዚያ ቀና ሳትል «ጥፋተኛ የተባልከው በማስረጃ ነው ወይስ በእምነት?» አለችው።

እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ልጁ ቀደመኝና «በእምነት» አላት። ምንም አልጨመረበትም፤ እሷም ጻፈች።